አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና የብርሃን ስልኩ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ስልክን የፈለሰፈ ሰው ነው ብሎ የማይመልስ ተማሪ አይገኝም። መልሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ቤል ራሱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያስበልጠው የሽቦውን ስልክ አልነበረም። ታላቅ ሥራዬ ይለው የነበረው የሰውን ድምፅ በፀሐይ ጨረር ላይ ጭኖ የሚልከውን፣ ፎቶፎን ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ነበር። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የቤልን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እያወሳሁ፣ ሰፋ አድርጌ የምናገረው ስለ ብርሃኑ ስልክና መሣሪያውን ለመሥራት ስላስቻለው ሴሌኒየም ስለሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤል የተወለደው በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ፣ በማርች 3 ቀን 1847 ነው። አያቱም አባቱም የንግግር አስተማሪዎች ነበሩ። አባቱ ሜልቪል ቤል፣ እያንዳንዱ ድምፅ በሚወጣበት ጊዜ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ የሚይዙትን ቅርጽ በምልክት የሚያሳይ ልዩ ፊደል አዘጋጅቶ ነበር። እናቱ ኢላይዛ ግን ጆሮዋ በደንብ አይሰማም ነበር። ሌሎች ሰዎች ወደ ጆሮዋ በምታስጠጋው ቱቦ እየጮኹ ሲያነጋግሯት፣ ልጁ አፉን ወደ ግንባሯ አስጠግቶ ዝግ ባለ ድምፅ ያነጋግራት ነበር። ድምፅ ማለት ንዝረት መሆኑን እኛ ከመጽሐፍ ስንማረው፣ እርሱ ገና በልጅነቱ በእናቱ ግንባር ላይ ተማረው ማለት ነው። ይህች ጆሮዋ የደከመ ሴት ፒያኖ አሳምራ ትጫወት ነበር፤ ልጅዋንም ያስተማረችው እርስዋ ናት።

በጉርምስናው ዘመን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ የሚናገር ጭንቅላት ሠሩ። ከንፈሩና ጉሮሮው ተሠርቶለት ነፋስ ሲነፋበት እማማ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር ይባላል። ቤል የቤታቸውን ውሻ እንኳ ሳይተወው፣ ውሻው ሲያጕረመርም መንጋጋውንና ጉሮሮውን በእጁ እየጨበጠ ቃል የሚመስል ድምፅ እንዲያወጣ አለማምዶት ነበር።

የቤተ ሰቡ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። የሳንባ ነቀርሳ በ1867 ታናሹን ወንድም፣ በ1870 ታላቁን ወሰደ። ወላጆቹ የቀረላቸው አንድ ልጅ እርሱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ጤናው እየደከመ መሄዱን ባዩ ጊዜ አየሩ ይሻላል ወደ ተባለው ወደ ካናዳ በዚያው ዓመት ተሰደዱ። ከኦንታሪዮ ግዛት በብራንትፎርድ አቅራቢያ ተቀመጡ፤ ልጁም ዳነ። በ1871 ወደ አሜሪካ ወደ ቦስተን ከተማ ሄዶ፣ በአባቱ ፊደል እየተረዳ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1873 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የድምፅ አወጣጥ ትምህርት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው። ከግል ተማሪዎቹ አንዷ በ5 ዓመቷ በቀይ ትኩሳት ምክንያት ጆሮዋ የጠፋ ሜብል ሃባርድ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። እርስዋም ኋላ ሚስቱ ሆነች።

ስለ ስልኩ መፈልሰፍ በብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፈ አላስረዝመውም። ቤል ቀን እያስተማረ፣ ሌሊት በአንድ ሽቦ ብዙ የቴሌግራፍ መልእክት በአንድ ጊዜ ለመላክ ይደክም ነበር። ከዚህም ድካሙ መካከል የሰውን ድምፅ ራሱን በሽቦ መላክ የሚቻል መሆኑን ተረዳ። የባለቤትነት ማመልከቻውን በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1876 አስገባ፤ በዚያው ቀን ኢላይሻ ግሬይ የሚባል ሌላ ሰው ስለዚሁ ነገር ጽሑፍ በማስገባቱ እስከ ዛሬ ድረስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። ፈቃዱ ለቤል በማርች 7 ቀን ተሰጠው፤ በማርች 10 ቀን ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን በሌላ ክፍል ሆኖ የጌታውን ድምፅ በሽቦ ሰማ። በ1877 ሜብልን ሲያገባ በስልኩ ኩባንያ ከነበረው ድርሻ 10 ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ በሠርግ ስጦታ ሰጣት። ድምፁን በስልክ ልትሰማው የማትችል ሴት የስልክ ባለጸጋ ሆነች። እኔ በቤል ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ነው።

አዲሶቹ ባልና ሚስት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በጃንዋሪ 1878 ቤል ስልኩን ለንግሥት ቪክቶሪያ አሳያቸው። የብርሃኑ ስልክ ሐሳብም ያደገው በዚሁ ጊዜ ነው። ይህን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሴሌኒየም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሴሌኒየምን ያገኘው በ1817 የስዊድን ኬሚስት በርዜሊየስ ነው። የሰልፈሪክ አሲድ በሚሠራበት ፋብሪካ በታች ከቀረው ቀይ አተላ ውስጥ አገኘውና፣ ጨረቃን ግሪኮች ሴሌኔ ስለሚሏት በእርስዋ ስም ጠራው። ከ50 ዓመት በላይ ያህል ሴሌኒየም ይህን ያህል ጥቅም አልተገኘለትም። በ1873 ግን ዊሎቢ ስሚዝ የሚባል የእንግሊዝ አገር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ በባሕር ውስጥ የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ ገመድ ለመፈተን ኤሌክትሪክን በኃይል የሚገታ ነገር ፈለገና የሴሌኒየም ዘንግ ወሰደ። ነገሩ ግን አስቸገረው። አንዱ ጊዜ የለካው ከሌላው ጊዜ አይስማማም። በመጨረሻ ምሥጢሩ ተገለጠ። የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ሴሌኒየሙ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይገታል፤ ክዳኑ ሲከፈትና ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይለቅቃል። ስሚዝ ገመድ ሊፈትን ተነሥቶ፣ ብርሃንን የሚያይ ድንጋይ አገኘ ለማለት ይቻላል።

ምክንያቱን በዚያን ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። ዛሬ ግን እንዲህ ብለን ልናስረዳው እንችላለን። በመዳብ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዘዋወሩ ነጻ ኤሌክትሮኖች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፤ በመስተዋት ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ከአተሞቻቸው ጋር ተጣብቀው ስለሚቀመጡ አያልፍም። ሴሌኒየም ከሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህም እንደ ሲሊኮን ከፊል አስተላላፊ ይባላል። ኤሌክትሮኖቹ የታሰሩበት ማሰሪያ ጠንካራ ስላልሆነ፣ ብርሃን ሲመታው ጥቂቶቹ ይፈታሉ፤ የተፈቱትም ጅረቱን ይሸከማሉ። ብርሃን ኃይሉን የሚያስረክበው በተቈራረጡ ጥቃቅን ድርሻዎች መሆኑን ያመለከተው አይንሽታይን ነው፤ ያም በ1905 ነበር። ቤልና ጓደኛው በጨለማ እየዳሰሱ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

የቤል ሐሳብ ግን በጣም ቀላል ነበር። በስልክ ውስጥ የሰው ድምፅ የኤሌክትሪኩን ጅረት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ብርሃን በበኩሉ በሴሌኒየም ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ ድምፅ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ እንዲያደርገው ብናበጅ፣ ሽቦው ለምን ያስፈልጋል? በሜይ 1878 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ በሴሌኒየም ላይ የሚያርፈውን ጥላ በጆሮ መስማት የሚቻል መሆኑን ተናገረ። እዚህ ላይ በአማርኛችን የሚያስገርም ነገር አለ። ስልክ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ፍችው ሽቦ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሣሪያው ወደ አገራችን ሲገባ ሰው ያየው ሽቦውን ስለ ነበረ በሽቦው ጠራው። ቤል የፈለገው እንግዲህ ስልክ የሌለበት ስልክ ነበር።

ወደ አሜሪካ ተመልሶ በዋሽንግተን ከተማ በኤል መንገድ አንድ ቤት ተከራየና ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ከሚባል ብልህ የመሣሪያ ሠሪ ጋር ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ችግር ሴሌኒየሙ ራሱ ነበር። ወፍራም ሲሆን ብርሃን ላዩን ብቻ ነክቶ ይቀራል፤ ውስጡ ጨለማ እንደ ሆነ ጅረቱን ይገታዋል። ስለዚህ ሴሌኒየሙ እጅግ ስስ፣ ብርሃን የሚያርፍበት ፊቱ ግን ሰፊ መሆን አለበት። ሁለቱ ሰዎች የናስ ዝርግ ክቦችን እየደረደሩ፣ በመካከላቸው ከናሱ ጥቂት አነስ ያለ የሚካ ክብ እያገቡ፣ ዙሪያውን በሚፈጠረው ጠባብ ቦይ ውስጥ ሴሌኒየሙን ቀልጦ እንዲገባ አደረጉ። እንዲህ ሲሆን ጅረቱ ከአንዱ ናስ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያልፈው የሴሌኒየም መንገድ አጭር ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ፊት ግን ዙሪያውን በሙሉ ነው።

ከዚያ በፊት ሴሌኒየምን ለዚህ ሥራ ለማዘጋጀት ለብዙ ሰዓት አሙቆ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል ተብሎ ይታመን ነበር። ቤልና ቴይንተር ግን በጋዝ ምድጃ ላይ ጥቂት ደቂቃ አሙቀው፣ ፊቱ መልኩን ለውጦ ሊቀልጥ ሲል በማንሣት ብቻ እንደሚበቃ አገኙ። በዚህ ዓይነት የሠሩት ሕዋስ በጨለማ 300 ኦም፣ በብርሃን ደግሞ 155 ኦም ሆኖ ተለካ። ማለት ብርሃን ሲበራበት የሚያልፈው ጅረት በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ይህ በዚያ ዘመን እጅግ የሚደነቅ ውጤት ነበር። የቤልን ስም ሲያነሡ ይህን የምድጃ ላይ ሥራ የሚያስታውሱ ሰዎች ማነሳቸው ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሐሳብ የሚፈጸመው እንዲህ ባለው የእጅ ሥራ ነውና።

የተናጋሪው መሣሪያ ደግሞ እንዲህ ነበር። ከቱቦ ጫፍ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ብርማ መስተዋት ይደረጋል። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋቱ ፊት ላይ እንዲወድቅ ተደርጎ፣ ሰውዬው በመስተዋቱ ጀርባ በቱቦው ውስጥ ይናገራል። ድምፁ መስተዋቱን ሲያንቀጠቅጠው መስተዋቱ አንዴ ጎበጥ፣ አንዴ ጎድጎድ ስለሚል፣ የሚመለሰው ጨረር አንዴ ይበተናል፣ አንዴ ይሰበሰባል። ሩቅ ያለው ሰው በትልቅ ጎድጓዳ መስተዋት ይህን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ሴሌኒየሙ ሕዋስ ያተኩረዋል፤ ሕዋሱም ከባትሪና ከስልክ መስሚያ ጋር ተያይዞአል። የሚሰማው ሰው ጆሮውን ወደ መስሚያው ሲያቀርብ ብርሃኑ ያመጣለትን ንግግር ይሰማል።

በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1880 ድምፅ በብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ተላለፈ። ከዚያ 4 ቀን በፊት ሚስቱ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዳለት ነበርና፣ ቤል ከደስታው ብዛት የተነሣ ሕፃኒቱን ፎቶፎን ብሎ ሊሰይማት ፈልጎ እንደ ነበር ይነገራል። ሜብል እንቢ አለች፤ ሕፃኒቱም ሜሪያን ተባለች። ለልጅቱ በጎ ነገር ሆነላት ብዬ አስባለሁ።

በዚያው ዓመት ቴይንተር መሣሪያውን ይዞ ፍራንክሊን በሚባል ትምህርት ቤት ጣራ ላይ ወጣ። ቤል 213 ሜትር ርቆ በቤተ ሙከራው መስኮት ሆኖ መስሚያውን በጆሮው ያዘ። ቴይንተር በብርሃኑ በኩል፣ የሚናገረውን የሰማ እንደ ሆነ ወደ መስኮቱ ቀርቦ ባርኔጣውን እንዲያውለበልብ ነገረው። ቤልም ሰማ፤ ባርኔጣውንም አውለበለበ። በመካከላቸው ከአየርና ከብርሃን በቀር ምንም አልነበረም። ማርኮኒ የሬዲዮ ሥራውን የጀመረው ከዚህ 15 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ቤል በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ በ1947፣ በዚያ ትምህርት ቤት ግንብ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎለታል።

በኦገስት 27 ቀን 1880 ቤል ሥራውን በቦስተን ለሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ሊቃውንቱ ተደነቁ፤ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ግን የፀሐይ ጨረር እንደ ሽቦ በግንድ ላይ ይሰቀል ይሆን እያለ ቀለደበት። የጋዜጠኛው ቀልድ አላዋቂነት ቢኖርበትም፣ ሳያውቀው እውነተኛውን ችግር ነክቶታል። ሽቦ በዝናብም በጉምም በሌሊትም ይሠራል። ጨረር ግን ደመና ሲመጣ ይጠፋል፣ ቤት ሲጋርደው ይቆማል። ስለዚህ የብርሃኑ ስልክ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ በጀርመን አገር ኧርንስት ሩመር በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መብራት ብዙ ኪሎሜትር ርቀት ድረስ አሻሻለው፤ ሬዲዮ ግን ቀደመው።

ቤልና ቴይንተር ሲመራመሩ ሳይፈልጉት ሌላ ነገርም አገኙ። የሚቈራረጥ ብርሃን በጎማ ወይም በጥላሸት ላይ ሲያርፍ፣ ያለ ባትሪና ያለ ሴሌኒየም ድምፅ ይሰጣል። ብርሃኑ ሲያርፍ ነገሩ ሞቆ ይለጠጣል፤ ሲቋረጥ ቀዝቅዞ ይሸማቀቃል፤ መለጠጥና መሸማቀቁም አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ይህ ግኝት ዛሬ በአየር ውስጥ ያለ ጥቂት የጋዝ መጠንን ለመለካት ያገለግላል።

ሴሌኒየምም በዚያ አልቆመም። በ1876 አዳምስና ዴይ የሚባሉ ሁለት የለንደን መምህራን ሴሌኒየም በብርሃን ሲመታ ያለ ባትሪ በራሱ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ደርሰውበት ነበር። በ1883 ቻርልስ ፍሪትስ የተባለ አሜሪካዊ በብረት ዝርግ ላይ ስስ ሴሌኒየም ዘርግቶ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ እጅግ የሳሳ ወርቅ ለብጦ የመጀመሪያውን የፀሐይ ሕዋስ ሠራ። ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ100 እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነበር። በ1954 ደግሞ በኒው ጀርሲ፣ በቤል ስም በሚጠራው ቤተ ሙከራ፣ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን በሲሊኮን 6 እጅ ያህል የሚለውጥ ሕዋስ አወጡ፤ በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት በዚህ ዓይነት ሕዋስ ኃይል እያገኘች ወደ ሰማይ ወጣች። ዛሬ ሊቃውንት እንደገና ወደ ስስ ሽፋን ተመልሰዋል። መዳብ፣ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ሴሌኒየም ተቀላቅለው 2 ሺኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ባለው ሽፋን ይዘረጋሉ፤ ይህም ከራስ ጠጕር በብዙ እጅ የቀጠነ ነው። በቤተ ሙከራ ከ23 እጅ በላይ እስከ መለወጥ ደርሶአል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልገባበት ገጠራችን ገበሬው በጣራው ላይ ባደረጋት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የእጅ ስልኩን ሲሞላ፣ ሁለቱ የቤል ሐሳቦች በአንድ ቤት ተገናኝተዋል።

ደመናውም መድኃኒት ተገኝቶለታል። በ1966 ቻርልስ ካዎ ብርሃን ጠፍቶ ሳይቀር በጥሩ የመስተዋት ክር ውስጥ ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል አስረዳ። አሁን ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሄደው አብዛኛው ንግግር በባሕር ሥር በተዘረጋ የመስተዋት ክር፣ በብርሃን ላይ ተጭኖ ነው የሚጓዘው።

ወደ ቤል ሕይወት እንመለስ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1880 የቮልታን ሽልማት፣ 50,000 ፍራንክ ሰጠው። በገንዘቡ ሌላ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ፣ በዚያ በሰም ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተሠራ። ከዚያ የተገኘውን ትርፍ መስማት የተሳናቸውን ለሚረዳ ማእከል ሰጠ። 1881 ግን ክፉ ዓመት ሆነበት። በጁላይ ፕሬዚደንት ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት የሚፈልግ መሣሪያ ፈጥሮ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ነገር ግን የአልጋው የብረት ጥምዝ መሣሪያውን አሳሳተው፣ ሐኪሙም ጥይቱ ባልነበረበት ጎን ብቻ እንዲፈልግ ፈቀደ። ፕሬዚደንቱ በሴፕቴምበር ሞቱ። በመካከሉ በኦገስት የቤል ወንድ ልጅ ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ መተንፈስ አቅቶት በዚያው ቀን ሞተ። ቤል ኀዘኑን ይዞ አልተቀመጠም፤ ደረትን ከውጭ በአየር ግፊት እየሳበ የሚያስተነፍስ የብረት ልብስ ነደፈ።

ስለ ቤል ምስጋናን ብቻ የሚጽፉ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅ ምልክት መነጋገራቸውን ትተው በአፍ እንዲናገሩ አጥብቆ ይገፋፋ ነበር። እንዲያውም እርስ በርሳቸው መጋባታቸው መስማት የተሳነው ዘር እንዲበዛ ያደርጋል ብሎ በ1883 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ጽሑፍ አቀረበ። ለሄለን ኬለር ወላጆች መንገድ ያሳየ፣ ዕድሜውንም ሁሉ ወዳጅዋ የነበረ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቋንቋችንን ሊያሳጣን የተነሣ ሰው እያሉ እስከ ዛሬ ይወቅሱታል። በእኔ አስተያየት ወቀሳው ተገቢ ነው። ድምፅ በሽቦም በብርሃንም ሊሄድ እንደሚችል ያየ ሰው፣ ቋንቋም በእጅ ሊሄድ እንደሚችል አለማየቱ የሚያስደንቅ ነው።

በኋለኛው ዘመኑ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ፣ በባዴክ አጠገብ ትልቅ ቤት ሠርቶ በጋውን በዚያ ያሳልፍ ነበር። እዚያም ትልልቅ ካይቶችን ያበር ነበር። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1909 እርሱ ከመሠረተው ማኅበር የወጣው ሲልቨር ዳርት የተባለው አይሮፕላን በዚያ ከበረደው ሐይቅ ላይ ተነሣ፤ ይህም በካናዳ ምድር በሞተር የተደረገ የመጀመሪያው በረራ ነው። በ1919 ደግሞ በውሃ ላይ ከፍ ብላ የምትሮጥ ጀልባው በሰዓት 114 ኪሎሜትር ሄዳ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘች። ቤል ያን ጊዜ 72 ዓመቱ ነበር።

በኦገስት 2 ቀን 1922 በዚያው በባዴክ ቤቱ፣ ሜብል አጠገቡ እያለች ሞተ። በኦገስት 4 ቀን በተራራው ጫፍ ላይ ሲቀበር፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ስልኮች ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም እንዲሉ ተደረገ። ሜብል ከእርሱ በኋላ 5 ወር ብቻ ኖራ በጃንዋሪ 1923 አረፈች፤ በዚያው ተራራ ላይ ከጎኑ ተቀበረች።